የጉና ውሃና የጉና ኩበት፦ ከጋፋት ምድጃ እስከ ኑክሌር ዕቅድ

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሞስኮ ላይ ከፕሬዚዳንት ፑቲን ጋር ተቀመጡ። በዚያው ጉዞ ኢትዮጵያና ሮሳቶም የተባለው የሩሲያ መንግሥት የአቶሚክ ኩባንያ ወደ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታ የሚያመራ የድርጊት መርሐ ግብር ፈረሙ። ለብዙ ሰው ዜናው ድንገተኛ ነበር። የተከታተለው ግን ያስታውሳል፤ በ2009 የመግባቢያ ሰነድ፣ በጥቅምት 2012 ሶቺ ላይ የሁለት መንግሥታት ስምምነት፣ በሐምሌ 2015 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ፍኖተ ካርታ ተፈርሟል። ነገሩ ስምንት ዓመት ሲበስል የቆየ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በሦስት ጎራ ተከፍሏል። አንዱ «ኑክሌር የሌለው አገር ታላቅ አይሆንም» ይላል። ሌላው «ውሃ፣ ንፋስና ፀሐይ እያለን አቶም ምን ያደርግልናል?» ይላል። ሦስተኛው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ «ከእግራችን ሥር የድንጋይ ከሰል አለ፤ ቻይናም እንግሊዝም ያደጉት በእሱ ነው» ይላል። ሦስቱም የሚከራከሩት ኃይሉ ከየት ይምጣ በሚለው ላይ ነው። እኔ ደግሞ የት ይድረስ የሚለውን ጥያቄ ላንሳ፤ ለዚህም ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

«ደብረ ታቦርን ከአቶም ጋር ምን አገናኛት?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ነገር ያገናኛታል። አንደኛው፣ ይህ ደጋ የውሃ ራስ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ርብና ጉማራ ተነስተው ጣና ይገባሉ፤ ከጣና በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ጋፋት ነው።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ያለች መንደር ነች። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። የሴባስቶፖልን ታሪክ ልጅ እያለን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ቅጂውን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞ አይተነዋል። የሚዘነጋው ግን እነማን እንደሠሩትና በምን እንደቀለጠ ነው። ሠሪዎቹ ከስዊዘርላንዷ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን የመጡ የእጅ ባለሙያዎችና ከሌላ ቦታ የተቀላቀሏቸው አውሮፓውያን ነበሩ። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ሞሪትዝ ሃል የሚባሉት። ሚስዮናውያኑ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉና ወንጌል ሊያስተምሩ እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልነበረም። ንጉሡ ግን «መጽሐፉ ቆይ፣ መጀመሪያ መድፉን» የሚሉ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ባለሙያዎቹ እየተሳሳቱ ተማሩ፤ አጠገባቸው የሚሠሩት የአገሬው ሰዎችም እንዲሁ። በ1859 ዓ.ም. ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ስሙም ከክሪሚያ ጦርነት ዜና የመጣ ነው፤ ባዕድ ማሽን ከባዕድ ስሙ ጋር የገባው ያን ጊዜ ነው ብዬ አንዳንዴ እቀልዳለሁ።

ነዳጁስ? ናስ ለማቅለጥ ምድጃው ሺህ ዲግሪ ገደማ መጋል አለበት። ያን ሙቀት የሰጠው የአካባቢው እንጨትና ከሰል ነው። ባህላዊው የከሰል አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት ኪሎ ያላነሰ እንጨት ይበላል። እንግዲህ በዘመኑ ትልቁ የኢትዮጵያ ማሽን የተሠራው በጥድና በወይራ አመድ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሱ። መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ጋይንትን፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጠው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ ሴባስቶፖል የለወጠው ነገር የለም፤ ዛሬም እዚያው መቅደላ አናት ላይ ተቀምጧል። አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። የጋፋት ምድጃም ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ።

ቴዎድሮስን ለመውቀስ አይደለም። ራዕዩን አደንቃለሁ፤ የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ የማያደንቅም አላገኘሁም። ነገር ግን ጋፋት ላይ የተጀመረ አንድ ልማድ አለ። ማሽኑ ይመጣል፣ በከፍተኛ ዋጋ ይሠራል፣ ኃይሉ ወደ ሩቅ ቦታ ይሄዳል፣ ምድጃውን የሚያውቀው ሰው ሲሄድ ምድጃው ይጠፋል፤ ነዳጁን የሰጠው ደጋ ደግሞ እንደነበረው ይቀጥላል።

ወደ ውሃው ልመለስ። በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ ከ11 ሜጋ ዋት ትንሽ ይበልጥ ነበር። ዋና ዓላማው ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኃይል መስጠት ነው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ፋብሪካው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። በ1988 የጣናን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨራጨራ ግድብ ተሠራ፤ በኋላም በሮቹ ተጨመሩ። በ1993 ከ70 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ተከተለ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ድርቅ መጣ። በ1995 ክረምት መግቢያ ላይ የጣና ውሃ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ ተርባይኖቹ ደግሞ ውሃ ይፈልጉ ነበር። የሐይቁ ጀልባዎች ቆሙ። በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ያለው ገበሬ ውሃው የሸሸበትን መሬት ተከትሎ አረሰ። «ባሕር ሸሽ» ይሉታል፤ ውሃው ሲሸሽ የሚዘራ መሬት ማለት ነው። በደህናው ዘመን ባሕር ሸሽ የዓመቱ ተጨማሪ ነው። ያን ዓመት ግን ሐይቁ ራሱ ስንት ይታረሳል የሚያሰኝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ፈረቃ ሲታወጅ «ዝናብ የለም» ይባላል፤ እዚህ የዝናብን መቅረት የሚያውቁት በአምፖል ሳይሆን በሐይቁ ዳርቻ ነው።

በግንቦት 2002 ጣና በለስ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት። ውሃው ከጣና ወጥቶ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ያልፍና ተርባይን መትቶ ወደ በለስ ወንዝ ይገባል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ግርማ የቀነሰበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው የውሃ ጠለፋ ነው። በለስ ደግሞ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይም ወደ ህዳሴ ግድብ ይገባል። ስለዚህ ጉና ላይ የዘነበች አንዲት ጠብታ በርብ ወርዳ፣ ጣናን ዞራ፣ በለስ ላይ አንድ ጊዜ፣ ጉባ ላይ ሌላ ጊዜ ተርባይን ታዞራለች። ሁለት ጊዜ መብራት ትሰጣለች።

ጠብታዋ በተነሳችበት የጉና ግርጌ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ የሚጋለው በኩበት ነው።

ይህን ለማሳዘን አላልኩም፤ ሒሳብ አለው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ነው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው። ከሚያገኘውም ቢሆን አብዛኛው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው፤ ከአሥር ቤት ዘጠኙ ገደማ። እንጨቱ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የመጣ ዛፍ ነው፤ እሱ ባይኖር የደጋው ቅሬታ ደን እስካሁን አይተርፍም ነበር። ዛፉ በማይበቃበት ከፍታና በማይገኝበት ጊዜ ኩበት አለ። ኩበት ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ መሬቱ ይሳሳል፤ ገበሬው በውጭ ምንዛሪ የመጣ ማዳበሪያ ይሰለፋል።

የድንጋይ ከሰል ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። (በነገራችን ላይ ቋንቋችን ራሱ ክርክሩን አስቀምጦታል፤ ከሰል የእንጨት ነው፣ ሌላኛው «የድንጋይ» የሚል ቅጽል ይጨመርለታል።) ከጎንደር በስተ ምዕራብ ጭልጋ ላይ የድንጋይ ከሰል አለ፤ ያኔ የደብረ ታቦር ጌቶች በሚያስተዳድሩት በጌምድር ውስጥ። ለጋው ዓይነት ነው፤ አመዱ ብዙ፣ ሙቀቱ ዝቅተኛ። የተሻለ ክምችት የተወራለት ኢሉባቦር ያዩ ነው። በ2004 ዓ.ም. ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ከነኃይል ማመንጫው እንዲሠራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ በ11 ቢሊዮን ብር ገደማ ተሰጠ። በሁለት ዓመት ያልቃል ተባለ። ዓመታት አለፉ፣ ገንዘቡ ወጣ፣ አንድ ከረጢት ማዳበሪያ ሳይወጣ ውሉ ተቋረጠ። ያዩ ደግሞ የዱር ቡና መገኛ፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ደን ነው።

ሐሳቡን ላስተዋለው ያስገርማል። ማዳበሪያችንን ምድጃ ውስጥ እያነደድን፣ ማዳበሪያ ለመሥራት ሌላ የሚነድ ነገር ከመሬት ልናወጣ ነበር።

ለኤሌክትሪክ የድንጋይ ከሰል ማንደድ ለእኛ አይመከርም፤ እዚህ ላይ ብዙ ወረቀት አልፈጅም። ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይጠቅማል፤ ከደቡብ አፍሪካ በዶላር ይገባ የነበረውን መተካቱም ተገቢ ነው። ደቡብ አፍሪካ ራሷ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከድንጋይ ከሰል እያመነጨች ለዓመታት በፈረቃ ስትሰቃይ አይተናታል። ያረጀ ማመንጫና ደካማ ጥገና ካለ የከሰል ተራራ ላይ ተቀምጦም መጨለም አለ።

ንፋስና ፀሐይስ? ደቡብ ጎንደር ውስጥ ስሟ ነፋስ መውጫ የምትባል ከተማ አለች፤ ስም ያወጡት ሰዎች ለጥናት ቡድን አልተከፈላቸውም። ኢትዮጵያ በንፋስ ጀማሪ አይደለችም። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አሸጎዳ 120፣ አዳማ ሁለት 153። ንፋስ የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ጊዜው ነው፤ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ወቅት ነው። ውሃና ንፋስ እንደ ሁለት በሬ ይጠመዳሉ። ይህን ያህል የተመቸ ጥምረት ያለው አገር ብዙ አይደለም።

የእንፋሎት ኃይል ግን አንድ ነገር ያስተምራል። አሉቶ ላንጋኖ በ1990ዎቹ መግቢያ ሥራ ጀመረ፤ 7 ሜጋ ዋት ገደማ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበላሽቶ ለዓመታት ቆመ። ትንሽ ማመንጫ ናት፤ እሷን ለመጠገን ያን ያህል ከፈጀብን ትልቋን እንዴት እንይዛለን የሚል ጥያቄ የምፈራውን ያህል የምወደውም ነው። ኮርቤቲና ቱሉ ሞዬም ከአሥር ዓመት በላይ ሲወራላቸው ኖረዋል፤ ለቋቱ ያበረከቱት ኃይል የለም።

የፀሐይ ኃይል ወዳጆቼ የሚቀየሙኝ እዚህ ላይ ነው። ጣሪያ ላይ የምትሰቀል ሰሌዳ ኩራዝን አባርራለች፤ ስልክ ትሞላለች፤ ልጅ ታስጠናለች። እኔ በ2001 ፈረቃ ጊዜ ደብረ ታቦር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ መብራት በአንድ ቀን ልዩነት ሲጠፋ በሻማ ያጠናሁ ሰው የዚያችን ሰሌዳ ዋጋ አላቃልልም። ግን እንጀራ አትጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። አንድ ሚሊዮን ቤት በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥድ 3,500 ሜጋ ዋት ነው። የጣና በለስ ሰባት እጥፍ በላይ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ብቻ አይደለም። ሴቶቻችንን ከጭስ እናውጣ ካልን ትልቅ ኃይል ያስፈልጋል፤ በዚህ የኑክሌር ደጋፊዎች ልክ ናቸው።

በሌላም ነገር ልክ ናቸው። የህዳሴ ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ በዓመት ይሰጣል የሚባለው ግን 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ምክንያቱም ውሃው ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም ተርባይን አያዞርም። ሮሳቶም ለውጭ አገር የሚሠራቸው ዓይነት ባለ 1,200 ሜጋ ዋት ሪአክተሮች ሁለት ቢሆኑ፣ ከመቶ ዘጠና እጅ ያህል ጊዜ ከሠሩ፣ በዓመት ወደ 18,900 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ። በስም ከግማሽ በታች የሆነ ማሽን በሥራ ይበልጣል። ዝናብ አይጠብቅም። የ1995ን ጣና ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «አቶም ለእኛ ምን ያደርጋል» ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም። ኢትዮጵያ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ነች፤ ከኤጀንሲው ጋር ቃሊቲ ላይ ቆላ ዝንብን በጨረር እያመከነች ስምጥ ሸለቆ ላይ ለቃለች። ለጨረር ሥራ እንግዳ አይደለንም።

ችግሬ ከዋጋውና ከቅደም ተከተሉ ነው። ባንግላዴሽ ሩፑር ላይ ሁለት ባለ 1,200 ሜጋ ዋት የሩሲያ ሪአክተሮች ለማስገንባት የተፈራረመችው በ12.65 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ከመቶ ዘጠናው የሩሲያ ብድር ነው፤ ሥራውም ከታሰበው ጊዜ ዘግይቷል። ግብፅ ለኤል ዳባ አራት ሪአክተሮች 25 ቢሊዮን ዶላር ተበድራለች። እኛ ደግሞ በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል ያቃተን አገር ነን። ህዳሴን በራሳችን ኪስ ሠራነው፤ የመምህር ደመወዝ፣ የሊስትሮ ሳንቲም አለበት። ኑክሌርን በቦንድ አንሠራውም፤ በብድር ነው። ብድሩ ደግሞ ማመንጫው ቢሠራም ባይሠራም ይከፈላል። ፊሊፒንስ ባታን ላይ የኑክሌር ማመንጫ ሠርታ ጨርሳ፣ ማርቆስ ሲወድቁና ቼርኖቤል ሲፈነዳ ነዳጅ ሳይገባበት ቆልፋዋለች። ዕዳውን ከፍላ የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አንድ አምፖል ሳያበራ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሽቦው ነው። በኃይል መሐንዲሶች ዘንድ የቆየ መመሪያ አለ፤ አንድ ነጠላ ማሽን ከጠቅላላው ቋት አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ማሽኑ በድንገት ሲቆም የቀረው ተሸክሞ እንዲያልፍ ነው። ከህዳሴ በኋላ የተተከለው አቅማችን ከ9 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚፈለገው ኃይል ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። 1,200 ሜጋ ዋት አንድ ማሽን ለዚህ ቋት ከባድ በሬ ነው። አንድ መስመር ሲበጠስ መላ አገሪቱ ስትጨልም ደጋግመን አይተናል፤ ሪአክተር ደግሞ ከቆመ በኋላም ለማቀዝቀዣው ከውጭ ኃይል የሚፈልግ ማሽን ነው።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ዛሬ ኃይል አለን። ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ለኬንያ ሸጠናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኮንቴይነር ውስጥ ኮምፒውተር ደርድረው ቢትኮይን ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች በዶላር እንሸጣለን። ዶላሩ ያስፈልገናል፤ አልክድም። ግን ግማሹ ሕዝብ መብራት ሳያገኝ ትርፍ ኃይል ያለው አገር፣ የጎደለው ማመንጫ ነው ማለት ይከብዳል። የጎደለው ከከፍተኛ መስመር ወርዶ ቀበሌ የሚገባው ሽቦ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪው፣ ሲቃጠል የሚቀይረው ባለሙያ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጋሸናና አላማጣ የሚሄደው ከፍተኛ የኃይል መስመር የደቡብ ጎንደርን ደጋ አቋርጦ ያልፋል፤ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ባስጎተቱበት አቅጣጫ ማለት ይቻላል። ከምሶሶው ሥር ኩበት የሚደርቅበት ደጃፍ አለ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ቦታው። የኑክሌር ማመንጫ ውሃ ይጠጣል። ማቀዝቀዣ ማማ ያላቸው ሁለት ትልልቅ ሪአክተሮች በየሰከንዱ ከአንድ ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ወደ ሰማይ ያተናሉ፤ ይህ እንደ ተርባይን ውሃ ተመልሶ ወንዝ አይገባም። ባሕር የለንም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ያሉት መሬት በሚንቀጠቀጥበት ቀጠና ነው፤ በ2017 ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ ዙሪያ የሆነውን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የተፈናቀለበትን አስታውሱ። እንግዲህ ካርታውን ዘርግታችሁ ውሃ ያለበትንና መሬቱ የረጋበትን ፈልጉ። የራሴ ግምት ነው፤ ግን ጣት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ ጣና ነው፣ ሌላው ራሱ የህዳሴ ሐይቅ።

ጣና እንኳን ሪአክተር አሁን የተጫነበትም ከብዶታል። ከ2004 ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ወርሮታል፤ የፎገራና የሊቦ ከምከም ገበሬ በእጁ ሲነቅል ዓመታት ቆጥሯል። የማቀዝቀዣ ቱቦ የሚደፍን አረም ነው። ደሴቶቹ ላይ ገዳማት አሉ፤ ሐይቁም ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ላይ ነው። ዳርቻው ላይ የፎገራ ሩዝ አለ። ጣናን የሚመለከት ማንኛውም ውሳኔ እነዚህን ሰዎች ቀድሞ የማይጠይቅ ከሆነ፣ 1995ን በሌላ መልክ መድገም ነው።

ሰላሙንም ሳላነሳ ባልፍ አንባቢዬ ይታዘበኛል። ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ፣ የከባድ መሣሪያ ተኩስ ደብረ ታቦር ደርሶ ንጹሐን ሞተዋል። በዚያው ጊዜ ላሊበላና ሰሜን ወሎ ለወራት መብራት አልነበራቸውም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ያለው ውጊያ ክልሉን ይዞታል። ዩክሬን ውስጥ ዛፖሪዢያ የሚባለው የአውሮፓ ትልቁ የኑክሌር ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በጦር ግንባር ላይ ሆኖ ዓለምን ሲያስጨንቅ ያየ ሰው፣ የትራንስፎርመር ዘይት በሚፈስበት አገር ሪአክተር ስለመጠበቅ በጥንቃቄ ቢናገር አይፈረድበትም። በስልሳ ዓመት የሚለካ ማሽን ነው፤ ቴዎድሮስ ከነገሡ ጀምሮ ኢትዮጵያ ስልሳ ዓመት ያለ ጦርነት ቆይታ አታውቅም።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ያለንን ኃይል ወደ ምጣዱ አደርሳለሁ። ንፋሱን በበጋ ከውሃው ጋር አጣምራለሁ። አሉቶን ጠግኜ ኮርቤቲን አስጨርሳለሁ፤ እንፋሎትም እንደ አቶም ዝናብ አይጠብቅም። በዚህ ጊዜ ልጆችን ልኬ አስተምራለሁ። ሮሳቶም ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ ይህ ከስምምነቱ ሁሉ የምወደው አንቀጽ ነው፣ ምክንያቱም ጋፋት ላይ የጎደለው እሱ ነበር። የሠለጠኑት ተመልሰው የሚቀጠሩበት፣ ለገንቢው «አቁም» ማለት የሚችል፣ ለማንም ሚኒስትር ያልታዘዘ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከሪአክተሩ አሥር ዓመት ቀድሞ መቆም አለበት። ሪአክተሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ያኔ ቋቱም ሰፍቶ ይሸከመዋል።

መንግሥት የተለየ ቅደም ተከተል ከመረጠ፣ ውሉ ሲፈረም የምፈልገው ከሜጋ ዋቱ ቁጥር ይልቅ አንድ አንቀጽ ነው። ሩሲያ የሩፑርን ያገለገለ ነዳጅ ወደ አገሯ ለመመለስ ከባንግላዴሽ ጋር ተስማምታለች። ኤል ዳባ ላይ ደግሞ ማከማቻው እዚያው ግብፅ ውስጥ ነው የሚሠራው። የእኛ ውል የትኛውን ይላል? ያገለገለው ነዳጅ የሚቀመጠው እዚሁ ከሆነስ፣ የየትኛው ወረዳ ሰው ነው አጠገቡ የሚያርሰው?